ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ፦ ድራመሩ ሲሄድ ባንዱ ምን ይሆናል? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል?

የ77ቱን ድርቅ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቤተሰብ ወሬ ነው። በዚያ ሰሞን ለኢትዮጵያ ተብሎ ላይቭ ኤይድ የሚባል ትልቅ ኮንሰርት መደረጉንም ሰምታችሁ ይሆናል። ቀኑ ጁላይ 13፣ 1985 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኮንሰርቱ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ተካሄደ፤ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም እና አሜሪካ ፊላደልፊያ ጄኤፍኬ ስታዲየም።

ሁለቱም ቦታ ላይ የተጫወተ አንድ ሰው አለ፤ ፊል ኮሊንስ። ለኢትዮጵያ ተብሎ በ1984 መጨረሻ ላይ የተቀረጸውን የባንድ ኤይድ ዘፈን ድራም የመታውም እሱ ነው። ኮሊንስ ለንደን ላይ ሥራውን ጨርሶ ኮንኮርድ በሚባለው ፈጣን አውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ ፊላደልፊያ ደረሰ። እዚያ ከባድ ሥራ እየጠበቀው ነበር። ሌድ ዜፕሊን ድራመራቸው ጆን ቦንሃም ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል መድረክ ላይ ሊወጡ ነው። በቦንሃም ቦታ የተቀመጡት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኮሊንስ እና በቺክ ባንድ የሚታወቀው ቶኒ ቶምሰን።

ሁለት ምርጥ ድራመር፣ አንድ ባንድ። ውጤቱስ? ተበላሸ። በእርግጥ ጥፋቱ የድራመሮቹ ብቻ አልነበረም። በቂ ልምምድ አላደረጉም፣ የዘፋኙ የሮበርት ፕላንት ድምፅ ሻክሯል፣ የጂሚ ፔጅ ጊታር ቅኝቱን ስቷል። ግን ምቱም አልገጠመም። በ2004 ላይቭ ኤይድ በዲቪዲ ሲወጣ ሌድ ዜፕሊኖች የእኛ ክፍል እንዳይገባ ብለው ከለከሉ።

አባቶች “ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር” የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ እናንሳ። ሁለት ጎበዝ ሰዎች ሊተኩት ያልቻሉት ያ አንድ ሰው ምን ነበር የሚሠራው? ደግሞስ ድራመር ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ፣ ገንዘብ ሲከፋፈል ስሙ ለምን ይጠፋል?

ድራመር ምንድን ነው የሚሠራው?

እስቲ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ ቁጠሩ። በአብዛኛው የሮክና የፖፕ ዘፈን ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ፣ ባስ ድራሙ፣ አንድ እና ሦስት ላይ ይመጣል። የሚመታው በቀኝ እግር ነው። “ጧ” የሚለው ስኔር ደግሞ ሁለት እና አራት ላይ በግራ እጅ ይመታል። ቀኝ እጅ ሃይ ሃቱ ላይ ሳያቋርጥ “ጺጽ ጺጽ” ይላል። ግራ እግር ሃይ ሃቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አራት የተለያየ ሥራ ማለት ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ማሽን ይበቃው ነበር። ልዩነቱ ያለው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ድራመር ስኔሩን በዓይን ጥቅሻ ያህል አዘግይቶ ይመታል፣ ዘፈኑ ዘና ይላል። ሌላው ትንሽ ቀደም ያደርገዋል፣ ዘፈኑ ይፈጥናል። አድማጩ ይሄን ላያውቀው ይችላል፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል።

የሮሊንግ ስቶንሱን ቻርሊ ዋትስ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እጁን ብቻ ተመልከቱ። ስኔር በሚመታበት ቅጽበት ቀኝ እጁን ከሃይ ሃቱ ላይ ያነሳዋል። ብዙ ድራመር ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚመታው። በዚያች ትንሽ ክፍተት ምክንያት የስቶንስ ምት ትንፋሽ ያለው ይመስላል። ዋትስ ልቡ ጃዝ ላይ የነበረ፣ ሱፍ ለባሽ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከ1963 ጀምሮ በ2021 በ80 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም።

ቦንሃምስ? እሱ በተቃራኒው ነጎድጓድ ነበር። በ1971 በወጣው አራተኛው አልበማቸው ላይ “ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ” የሚል ሥራ አለ። ድራሙን የቀረጹት ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። ድራሙን ደረጃው ሥር አስቀመጡት፣ ማይክራፎኖቹን ደግሞ ከላይ ሰቀሏቸው። ስለዚህ የምትሰሙት ድራሙን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ጭምር ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ቢስቲ ቦይስ የሚባሉት ራፐሮች ያንኑ ምት ቆርጠው የመጀመሪያ አልበማቸው መክፈቻ ላይ ተጠቀሙበት።

ሪንጎ “ደካማ ድራመር” ነበር?

ኢንተርኔት ላይ የሚዞር አንድ ቀልድ አለ። ጆን ሌነን፣ ሪንጎ ስታር ከቢትልስ ውስጥ እንኳ ምርጡ ድራመር አይደለም ብሏል ይባላል። ውሸት ነው። ቀልዱ የመጣው ሌነን ከሞተ በኋላ ከእንግሊዝ ኮሜዲ ነው።

እውነታው ይሄ ነው። ቢትልሶች ኦገስት 1962 ላይ ፒት ቤስት የሚባለውን ድራመራቸውን አባረው ሪንጎን አመጡ። መጀመሪያ አካባቢ ሪንጎም ቢሆን አልታመነም። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ለ“ላቭ ሚ ዱ” ቀረጻ አንዲ ዋይት የሚባል ተከፋይ ድራመር አስመጣ። ሪንጎ የራሱ ባንድ ሲቀርጽ አታሞ መሰሏን ታምቡሪን ይዞ ቆመ። ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አስቡት።

ግን ቆየ። ሪንጎ ግራኝ ነው፤ ድራሙን የሚደረድረው ግን እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ከአንዱ ድራም ወደ ሌላው ሲዞር እጁ የሚሄድበት መንገድ ከሌላ ሰው የተለየ ነው። ምቱን ለመኮረጅ የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

በ1964 ቶንሲል ታሞ ሆስፒታል ገባ። ጂሚ ኒኮል የሚባል ሰው ተተካና ቡድኑ ለጉብኝት ወጣ። ጆርጅ ሃሪሰን ያለ ሪንጎ አልሄድም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ኒኮል ለ10 ቀን ገደማ የዓለም ዝነኛ ሆኖ ከዚያ ወደ ተራ ኑሮው ተመለሰ። በ1968 ደግሞ ሪንጎ ራሱ ተሰላችቶ ባንዱን ትቶ ሄደ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶ ሲመለስ ጓደኞቹ ድራሙን በአበባ አስጊጠው ጠበቁት። አንዳንዴ የሰው ዋጋ የሚታወቀው ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው።

ሦስት ባንድ፣ ሦስት ውሳኔ

ወንበሩ ለዘለቄታው ባዶ ሲሆንስ? ሦስት ባንዶች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

አንደኛው፦ ተካ። ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ድራመር ኪት ሙን ሴፕቴምበር 1978 ላይ በ32 ዓመቱ ሞተ። ከአልኮል እንዲላቀቅ የታዘዘለትን መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ነበር። ባንዱ ኬኒ ጆንስን አምጥቶ ቀጠለ። ጆንስ ሥራውን የሚያውቅ፣ ምቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ችግሩ ሙን ምት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ በዘፋኙና በጊታሪስቱ መሐል እየገባ አብሮ የሚጮህ ድራመር ነው። ዘፋኙ ሮጀር ዳልትሪ ጆንስ ለባንዱ አልገጠመም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ከ1996 ጀምሮ ያ ወንበር የዛክ ስታርኪ ሆነ፣ እስከ 2025 ድረስም ቆየበት። ዛክ ማን ነው? የሪንጎ ልጅ! ልጅ ሳለ ድራም የሰጠው ደግሞ ኪት ሙን ነው።

ሁለተኛው፦ ዘጋ። ጆን ቦንሃም ሴፕቴምበር 1980 ላይ ሞተ። እሱም 32 ዓመቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ውሎ በተኛበት ነው የቀረው። ሌድ ዜፕሊኖች ዲሴምበር ላይ ባወጡት መግለጫ እንደ ቀድሞው መቀጠል እንደማይችሉ አሳወቁ። በዓለም ላይ ከነሱ በላይ ቲኬት የሚሸጥ ባንድ በጣት የሚቆጠር በነበረበት ጊዜ ነው ይሄን የወሰኑት።

ሦስተኛው፦ ጠበቀ። ዴፍ ሌፐርድ ከእንግሊዝ ሼፊልድ የወጣ ባንድ ነው። ድራመሩ ሪክ አለን በ15 ዓመቱ ነው የገባው። ዲሴምበር 31፣ 1984 መኪናው ተገልብጦ ግራ እጁን አጣ። ገና 21 ዓመቱ ነበር። አንድ እጅ ያለው ድራመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱም አልሰሙም። ግን አላባረሩትም፣ ሌላም ሰው በቦታው አልቀጠሩም። አለን በእግሩ እየረገጠ የግራ እጁን ሥራ የሚሠራባቸው ፔዳሎች ያሉት ኤሌክትሪክ ድራም ተሠራለት። በኦገስት 1986 በዶኒንግተን ትልቅ ፌስቲቫል ላይ ከሕዝብ ፊት ቀረበ። በ1987 የወጣው “ሂስቴሪያ” የተሰኘው አልበማቸው በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አለን ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ

ይሄን ክፍል ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች በደንብ አንብቡት።

አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው። አንደኛው የድርሰቱ ነው፤ ግጥምና ዜማ። ሁለተኛው የቀረጻው ነው፤ ስቱዲዮ ገብታችሁ የቀዳችሁት ድምፅ። የድርሰቱ ገንዘብ የሚሄደው “ደራሲ” ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ነው። የድራም ምት ደግሞ በልማድ እንደ ድርሰት አይቆጠርም። ጊታሪስቱ አንድ ዜማ ካመጣ ደራሲ ነው። ድራመሩ ያንን ዜማ ሰው የሚጨፍርበት ነገር ካደረገው “አጃቢ” ነው። የቀን አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? “ቦሄሚያን ራፕሶዲ” የሚለውን ፊልም ካያችሁ፣ የኩዊን ድራመር ሮጀር ቴይለር ስለ መኪናው በጻፈው ዘፈን ሲቀለድበት ታስታውሳላችሁ። ዘፈኑ “አይም ኢን ላቭ ዊዝ ማይ ካር” ይባላል። በ1975 “ቦሄሚያን ራፕሶዲ” በሸክላ ሲወጣ በጀርባው የተቀዳው ይሄ ነበር። ሸክላው ሁለት ገጽ አለው። ሰው የሚገዛው ለፊተኛው ገጽ ቢሆንም የድርሰቱ ክፍያ ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ ድራመሩ ማንም ባልጠየቀው ዘፈን ከፍሬዲ ሜርኩሪ እኩል ተከፈለው። ይሄ ባንዱ ውስጥ ለዓመታት ቅሬታ ፈጠረ። በኋላ፣ በ1989 “ዘ ሚራክል” ከሚለው አልበም ጀምሮ፣ ማንም ይጻፈው ማን ዘፈኖቻቸውን በሙሉ በኩዊን ስም ማስመዝገብ ጀመሩ።

ቴይለር ደራሲ ስለነበር ተከፈለው። ደራሲ ያልተባሉትስ? ለዚህ ከሮክ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ሶልና ፈንክ እንሂድ።

በ1969 ዘ ዊንስተንስ የሚባል የአሜሪካ ባንድ “ኤመን፣ ብራዘር” የሚል ሥራ ቀረጸ። መሐል ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ይልና ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ይመታል። ርዝመቱ 6 ወይም 7 ሰከንድ ነው። ይቺ ቁራጭ “ኤመን ብሬክ” ትባላለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። የኤንደብሊውኤ “ስትሬት አውታ ኮምፕተን” ውስጥ አለች። የፓወርፓፍ ገርልስ ካርቱን መክፈቻ ውስጥ አለች። ጃንግል እና ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባሉት የሙዚቃ ዓይነቶች በሙሉ የቆሙት እሷ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ኮልማን ስንት አገኘ? ምንም። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር እንደተናገረው፣ ኮልማን በ2006 ሲሞት ቤት እንኳ አልነበረውም። ስፔንሰር ራሱም ቢሆን ለዓመታት ከሳምፕሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም ነበር። በ2015 አድናቂዎች ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ አዋጥተው ሰጡት።

የጄምስ ብራውን ድራመር ክላይድ ስታብልፊልድም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። “ፋንኪ ድራመር” የሚለው ሥራ ላይ ያለው ምቱ እጅግ ብዙ ሂፕ ሆፕ ውስጥ አለ፤ የፐብሊክ ኤነሚ “ፋይት ዘ ፓወር” አንዱ ነው። የዘፈኑ ስም ራሱ ስለ ድራመሩ ሆኖ ሳለ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ጄምስ ብራውን ብቻ ነው። ስታብልፊልድ ካንሰር በታመመ ጊዜ የሕክምና ወጪ ከብዶት ነበር። ሂሳቡን የከፈለለት ፕሪንስ መሆኑን የተናገረው ፕሪንስ ከሞተ በኋላ ነው። እሱም በ2017 አረፈ።

ሌላም መንገድ እንዳለ የሚያሳየው ዩቱ ነው። ባንዱ የተወለደው በ1976 ደብሊን ውስጥ ድራመሩ ላሪ ሙለን ጁኒየር ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ስለለጠፈ ነው። ሙዚቃቸውን የሚያስመዘግቡት በአራቱም ስም ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸው እነዚያው አራት ሰዎች አብረው አሉ። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነው ባይባልም፣ አንዱ የቤት ባለቤት ሌላው ተከራይ ያልሆነበት ቤት በቀላሉ አይፈርስም።

ሌድ ዜፕሊንም እንዲሁ ነበር። “ካሽሚር” የሚለውን ሥራቸውን ማን ጻፈው ብላችሁ ብታዩ ሦስት ስም ታገኛላችሁ፤ ፔጅ፣ ፕላንት፣ ቦንሃም። ድራመሩ ለእነሱ አጃቢ አልነበረም። ሲሞት መቀጠል አንችልም ያሉትን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አስቡት።

ልጆቹ

ዲሴምበር 10፣ 2007 ሌድ ዜፕሊኖች ለንደን ኦቱ አሬና ላይ እንደገና ወጡ። 20 ሚሊዮን ሰው ቲኬት ለማግኘት ኢንተርኔት ላይ ጠይቋል ተብሎ ተዘግቧል። ድራም ላይ የተቀመጠው ጄሰን ቦንሃም ነው፤ የጆን ልጅ። የአባቱን ምት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ከመድረኩ በፊት ደግሞ ለሳምንታት አብሯቸው ተለማምዷል። ይሄኛው ተሳካ። የላይቭ ኤይዱ ይደበቅልን ያሉት ሰዎች ይሄንን በ2012 ፊልም አድርገው ለዓለም አሳዩት።

ፊል ኮሊንስም የራሱ ታሪክ አለው። በነርቭ ጉዳት ምክንያት ድራም መምታት ሲያቅተው፣ በ2021 እና 2022 በተደረገው የጀነሲስ የመጨረሻ ጉብኝት ላይ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየዘፈነ ከኋላው ልጁ ኒክ ይመታ ነበር።

ዴቭ ግሮልን ታውቁታላችሁ። የኒርቫና ድራመር ነበር። በ1994 ከርት ኮቤይን ሲሞት እሱ ተረፈና ፉ ፋይተርስን መሠረተ፤ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ዘፋኝ ሆነ። በ2022 ደግሞ የራሱን ድራመር ቴይለር ሃውኪንስን አጣ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዌምብሌይ በተደረገው የመታሰቢያ ኮንሰርት የሃውኪንስ የ16 ዓመት ልጅ ሼን በአባቱ ቦታ ተቀምጦ አንድ ዘፈን መታ። ከዚያ በኋላ በወጣው የ2023 አልበም ላይ ድራሙን የመታው ግሮል ራሱ ነው።

ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ኢርፎን አድርጋችሁ የምትወዱትን ዘፈን እንደገና ስሙት። ግጥሙን ተዉትና ስኔሩን ብቻ ተከተሉ። ይፈጥናል? ይዘገያል? የት ላይ ዝም ይላል? እመኑኝ፣ ሌላ ዘፈን ይሆንባችኋል።

ሁለተኛ፣ ባንድ ያላችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ ቢት የምትሠሩ፣ ለጓደኛችሁ ዘፈን ምት የምትሰጡ ልጆች፦ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማን ስንት ፐርሰንት እንደሚደርሰው ተነጋገሩና ጻፉት። በወረቀትም ይሁን በቴሌግራም፣ ብቻ ይጻፍ። “እኛ እኮ ጓደኛማቾች ነን” አይባልም። ዘፈኑ ካልታወቀ ምንም አትጎዱም። ከታወቀ ግን ያቺ አንድ ገጽ ጓደኝነታችሁንም ታተርፋለች።

በሉ እስቲ ለእናንተ ጥያቄ። በጣም የምትወዱት የሀገራችን ዘፈን ላይ ድራሙን የመታው ማን ነው? ስሙን ካወቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉት። ካላወቃችሁ ፈልጋችሁ ኑና ንገሩን። እነዚህ ሰዎች ቢያንስ በስማቸው ይጠሩ።